አሜሪካ በገንዘብ ድጋፍ ለመማር ማመልከት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ12ኛ ክፍል ልጆችና ወላጆቻቸው ስለ መጀመሪያ ዲግሪ ማመልከቻ ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ጠማማው እሄዳለሁ።

እውነት ሳይከፍሉ መማር ይቻላል? ወይስ ወሬ ነው?

ይቻላል። ከኢትዮጵያ በዚህ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉ፤ ሁሉም የሀብታም ልጆች አይደሉም። በትልልቆቹ የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ፣ ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡና የጤና ኢንሹራንሱ ተደምሮ፣ 90 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ይህን የሚሸፍነው የአሜሪካ መንግሥት አይደለም። ኤምባሲውም አይደለም። ኮሌጁ ራሱ ነው፤ የቀድሞ ተማሪዎችና ለጋሾች ለብዙ ዓመታት ከሰጡት የተጠራቀመ ገንዘብ አለው።

ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው። ካዝናው የሞላ ኮሌጅ ይሰጣል፣ ያልሞላው አይሰጥም። የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው ቢገንም ለውጭ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው። ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት፣ ሁለት ሺህ ተማሪ ብቻ ያለው ኮሌጅ ደግሞ ሙሉውን ሊችላችሁ ይችላል።

ስኮላርሺፕና ፋይናንሻል ኤይድ አንድ ናቸው?

በኛ ሰፈር ሁሉም "ስኮላርሺፕ" ነው። እዚያ ይለያያል። አንደኛው ለጉብዝና የሚሰጥ ነው፤ አባታችሁ ባለፎቅም ይሁን የቀን ሠራተኛ አይጠየቅም። ችግሩ ብዙ ጊዜ የወጪውን ከፊል ብቻ ይሸፍናል። "የ25 ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ አገኘ" ተብሎ ድግስ የተደገሰለት ልጅ ቀሪውን 40 ሺህ የሚከፍል አጥቶ ሲቀር አይቻለሁ። ድግሱ ግን አልቀረም።

ሁለተኛው የቤተሰብ አቅም ታይቶ ጉድለቱ የሚሞላበት ነው። የኛ አብዛኛው ልጅ የሚፈልገው ይህንን ነው። ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ሌሎቹ የአይቪ ሊግ (ስምንቱ ዝነኛ የግል ዩኒቨርሲቲዎች) ትምህርት ቤቶች ለጉብዝና የሚሰጡት ገንዘብ ጭራሽ የላቸውም። ሁሉም በአቅም ነው።

"ኒድ ብላይንድ" እና "ኒድ አዌር" ሲባል ምን ማለት ነው?

ኒድ ብላይንድ የሆነ ኮሌጅ ልጁን ልቀበል አልቀበል ብሎ ሲወስን ገንዘብ መጠየቁን ከቁጥር አያስገባም። ኒድ አዌር የሆነው ያስገባል። ሁለት እኩል ልጆች ቀርበው አንዱ ከፋይ ከሆነ ሚዛኑ ወደ ከፋዩ ሊያጋድል ይችላል። ልብ በሉ፤ ለአሜሪካዊ ተማሪ ብላይንድ የሆነ ኮሌጅ ለውጭ ተማሪ ላይሆን ይችላል። ስታንፎርድ እንዲህ ነው። ለውጭ ተማሪም ብላይንድ ሆነው ጉድለቱን ሙሉ በሙሉ ከሚሞሉት ጥቂቶች መካከል ሐርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝ፣ ቦውዶይን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ብራውንና ኖትርዳም ይገኛሉ።

ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። "ብላይንድ" ማለት "ቀላል" ማለት አይደለም። ሐርቫርድና ኤምአይቲ ከመቶ አመልካች አምስት እንኳ አይቀበሉም። ኒድ አዌር ሆነው የተቀበሉትን የውጭ ተማሪ ጉድለት ሙሉ ለሙሉ የሚሞሉ አሉ፦ ማካሌስተር፣ ቫሳር፣ ዌስሊያን፣ ስዋርዝሞር። ማካሌስተር ኮፊ አናን በ1961 እ.ኤ.አ. የተመረቀበት ነው፤ ብዙ የኛ ሰው ያለበት ሚኒሶታ ስለሆነ እንጀራም አይናፍቃችሁም። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይቀበልም፤ በምትኩ ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢ ውስጥ ይሠራል። የሚወስደው የውጭ ተማሪ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ኮሌጅ እንዴት ልምረጥ?

ብዙዎች ዝርዝራቸውን የሚጀምሩት ከደረጃ ሰንጠረዥ ነው። እኔ ከገንዘቡ ጀምሩ እላለሁ። የማይሰጥ ኮሌጅ ቢቀበላችሁ ምን ይጠቅማችኋል? ደብዳቤውን ፍሬም አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካልሆነ በቀር።

ማጣሪያው እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች በየዓመቱ "ኮመን ዳታ ሴት" የሚባል ሰነድ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር ጎግል አድርጉና "ኤች6" የሚለውን ክፍል ክፈቱ። እዚያ ላይ ስንት የውጭ ተማሪ ድጋፍ እንዳገኘና በአማካይ ስንት ዶላር እንደተሰጠ በቁጥር ተጽፏል። አንዱ ኮሌጅ ለ12 ተማሪ በአማካይ 15 ሺህ፣ ሌላው ለ200 ተማሪ በአማካይ 70 ሺህ ይሰጣል እንበል። ብሮሹራቸው ላይ ሁለቱም "ለውጭ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ አለን" ነው የሚሉት። ቁጥሩ ግን አይዋሽም።

ኮመን አፕ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል። ሃያውን መሙላት ግን አልመክርም። አብዛኛው ኮሌጅ የራሱን ተጨማሪ ጽሑፍ ይጠይቃል፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ስትደርሱ "ይህን ኮሌጅ ለምን መረጥክ?" ለሚለው የሌላውን ኮሌጅ ስም ጽፋችሁ ትልካላችሁ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ይበቃል።

መቼ ልጀምር?

11ኛ ክፍል እንዳለቀ፣ ክረምቱን። ኮመን አፕ ለአዲሱ ዙር የሚከፈተው ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ነው። ቀድሞ የሚዘጋው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 1፣ በኛ ጥቅምት 22 ነው። መደበኛው ጃንዋሪ 1 አካባቢ ነው፤ ለገና በዓል ሳምንት ሲቀረው። ውሳኔው መጋቢት ውስጥ ይመጣል። እስከ ሜይ 1፣ ሚያዝያ 23 ድረስ መልስ ትሰጣላችሁ።

የመዝጊያው ሰዓት ሆኖ የሚጻፈው "11፡59 ፒኤም" በኛ አቆጣጠር ለሌሊቱ 6 ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ኮመን አፕ የሚቆጥረው እናንተ ባላችሁበት አገር ሰዓት ነው። ያም ሆኖ ከሦስት ቀን በፊት ላኩ። የመጨረሻው ማታ መብራት ይጠፋል። ሁልጊዜ ይጠፋል።

የማመልከቻ ክፍያ የሚሆን ዶላር የለኝም። ምን ላድርግ?

የብዙ ኮሌጆች ማመልከቻ ከ50 እስከ 90 ዶላር ነው። ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ አሥር ኮሌጅ ማለት ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ግን መክፈል የለባችሁም። ኮመን አፕ ላይ ክፍያው እንዲነሳላችሁ የምትጠይቁበት ቦታ አለ፤ ርዕሰ መምህሩ ወይም ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው "አዎ፣ አቅም የላቸውም" ብሎ ያረጋግጣል። ጭራሽ ክፍያ የማይጠይቁ ኮሌጆችም አሉ።

የገንዘብ ድጋፉ ማመልከቻ ለብቻው ነው። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ይባላል። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል፤ ለአሥር ኮሌጅ 169 ዶላር ማለት ነው። እዚህ ላይ ልጆች ዝም ብለው ይተዉታል። አትተዉ። ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ አጭር ኢሜይል ጻፉ፦ "ከኢትዮጵያ ነኝ፣ ቤተሰቤ ይህን መክፈል አይችልም፣ የክፍያ ማስቀሪያ ኮድ አላችሁ ወይ? ወይስ ሌላ ቅጽ ልሙላ?" ኮድ የሚልኩ አሉ። አይስፋ በሚባለው የወረቀት ቅጽ የሚቀበሉም አሉ፤ እሱ በነፃ ነው። ፋፍሳ የሚባለውን የድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ዩቲዩብ ላይ አይታችሁት ይሆናል። እሱ ለአሜሪካ ዜጎችና እንደ ግሪን ካርድ ያለ ወረቀት ለያዙ ነው። ዲቪ ደርሶት ለሄደ ቤተሰብ ልጅ ይሠራል፣ ለናንተ ግን አይደለም።

ኤጀንሲ ወይም ደላላ ልያዝ?

አያስፈልግም። ፓስፖርትና ኢሜይል ያለው ልጅ ራሱ ይሞላዋል። "ከኮሌጁ ጋር ውል አለን፣ መግቢያ እናረጋግጣለን" የሚላችሁ ሰው የሚያረጋግጠው የራሱን ኮሚሽን ነው። ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡት ኮሌጆች በደላላ ተማሪ አይቀበሉም። ደላላ የጻፈውን ድርሰትም ያውቁታል። የአሜሪካ መንግሥት የምክር አገልግሎት ኤዱኬሽን ዩኤስኤ አዲስ አበባ አለ፤ ምክሩ በነፃ ነው።

ኤስኤቲ መፈተን ግዴታ ነው?

ኤስኤቲ ኮሌጆች ለመግቢያ የሚያዩት የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ነው። ግዴታነቱ እንደ ኮሌጁ ነው። በኮሮና ጊዜ ብዙዎች ትተውት ነበር። ከዚያ ኤምአይቲ በ2022 መለሰው፤ ሐርቫርድ፣ ዳርትመዝ፣ ብራውንና ስታንፎርድም ተከተሉት። ብዙ ትናንሽ ኮሌጆች ግን ዛሬም በፈቃድ ነው የሚሉት፤ ቦውዶይን እንዲያውም ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያስገድድም።

ፈተናው አሁን በላፕቶፕ ነው፤ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ይፈጃል። ለኛ ከ100 ዶላር በላይ ነው፤ መታወቂያው ፓስፖርት ነው። ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ክረምት ላይ ተመዝገቡ። በኔ አስተያየት ሙሉ ድጋፍ የሚጠይቅ ልጅ፣ "በፈቃድ ነው" ቢባልም፣ ከቻለ ይፈተን። ትምህርት ቤታችሁን የማያውቅ ሰው የሚያውቀው ቁጥር ሲያይ ልቡ ይረጋጋል። ካን አካዳሚ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ነፃ ልምምድ አለ።

የእንግሊዝኛ ፈተናስ?

ቶፍል ወይም አይኤልትስ ወይም ዱኦሊንጎ። ዱኦሊንጎ 70 ዶላር ገደማ ሆኖ ቤት ተቀምጦ የሚወሰድ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ በር ከፍቶ ከገባ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል፤ በሩን ቆልፉ። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ስለተማራችሁ የሚተዉላችሁ ኮሌጆች አሉ። በኢሜይል ጠይቁ።

የኛ 12ኛ ክፍል ፈተና እዚያ ዋጋ አለው? ውጤቱ ሳይመጣ እንዴት አመለክታለሁ?

ውሳኔው የሚሰጠው እናንተ ገና ሳትፈተኑ ነው። ስለዚህ ዋናው ከ9ኛ እስከ 11ኛ ያለው ትራንስክሪፕትና የ12ኛ የመጀመሪያ መንፈቅ ዓመት ውጤት ነው። ፈተናውን ግን አትናቁት፤ ከገባችሁ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሳችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ።

ባለፈው ዓመት ወስዳችሁት አሁን የምታመለክቱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይብራራ። አሜሪካ 58 በመቶ ማለት ወድቋል ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን እናንተ ብትጽፉት ሰበብ ይመስላል። ርዕሰ መምህሩ በደብዳቤው አንድ አንቀጽ ላይ ይጻፈው፦ አገር አቀፉ የማለፍ ምጣኔ ስንት እንደነበር፣ ከትምህርት ቤቱ ስንት ተፈትኖ ስንት እንዳለፈ፣ እናንተ ስንተኛ እንደሆናችሁ።

ትምህርት ቤቴ ካውንስለር የለውም። ደብዳቤውን ማን ይላክልኝ?

ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ። ኮመን አፕ "ካውንስለር" ሲል የትምህርት ቤቱን ሰነድ የሚልክ ሰው ማለቱ ነው። ችግሩ ብዙ ርዕሰ መምህራን ይህን አይተውት አያውቁም። ሊንኩ ኢሜይላቸው ውስጥ ገብቶ ሳይነበብ ይቀራል። ስለዚህ ቀጠሮ ያዙ፣ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ይዛችሁ ቢሮ ግቡ፣ አብራችሁ ክፈቱት። ደብዳቤውን ግን እሳቸው ይጻፉት። እናንተ ጽፋችሁ እሳቸው ቢፈርሙበት ማጭበርበር ነው፤ ሲነበብም ይታወቃል።

የመምህር ደብዳቤ ላይ አንድ ምክር። እንግሊዝኛው ያማረለትን ሳይሆን የሚያውቃችሁን ምረጡ። "ታታሪ፣ ጨዋ፣ ትሁት" የሚል ደብዳቤ በሺህ የሚቆጠር አለ። "60 ተማሪ ባለበት ክፍል መጽሐፉ ሦስት ብቻ ሆኖ ምዕራፉን በእጇ ገልብጣ ለጓደኞቿ ያደለች" የሚል ደብዳቤ አንድ ነው።

ስሜ በየወረቀቱ ይለያያል፣ ዓመተ ምህረቱም አይገጥምም። ችግር ያመጣል?

ያመጣል፤ ግን ይፈታል። የኔ ትራንስክሪፕት 9ኛ ክፍል ላይ የአባቴ ስም በአንድ "ኤስ"፣ 11ኛ ላይ በሁለት "ኤስ" ተጽፎ ነበር። መዝገብ ቤት ስሄድ "ያው አይደል እንዴ?" ተባልኩ። ለነሱ ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ነው። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጉና ሌላውን ሁሉ በሱ ልክ አስተካክሉ። ማስተካከል ካልተቻለ ትምህርት ቤቱ "ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው" የሚል ክብ ማህተም ያለበት ደብዳቤ ይስጣችሁ። እናትና አባታችሁ ከናንተ የተለየ የመጨረሻ ስም እንዳላቸውም በአጭሩ ግለጹ። እኛ የቤተሰብ ስም እንደሌለን የማያውቅ ሰው ቤቱ የተበተነ ይመስለዋል።

ዓመተ ምህረቱ ይበልጥ ያስቃል። ሚያዝያ 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር 2007 ነው። ፓስፖርቱ 2007 ይላል፤ ትራንስክሪፕቱ 9ኛ ክፍልን በ2014 ተማረ ይላል። አሜሪካ ያለው አንባቢ ሲያሰላ ልጁ በሰባት ዓመቱ 9ኛ ክፍል ገብቷል። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የፈረንጁ ይጻፍ፤ 2014 የሚለው 2021/22 ተብሎ።

ቤተሰቤ ገበሬ ወይም ነጋዴ ነው፤ የደመወዝ ወረቀት የለንም። ምን ላቅርብ?

ያለውን። ቅጹ የተሠራው ወር በገባ ቁጥር ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ስለሆነ የኛ ኑሮ አይገባበትም፤ በግድ አታስገቡት። ደሞዝተኛ ከሆኑ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይበቃል። ነጋዴ ከሆኑ የዓመቱን ግብር የከፈሉበት ደረሰኝና የባንክ መግለጫ። ገበሬ ከሆኑ ከቀበሌ የሚጻፍ የገቢ ማረጋገጫ፣ ካለ የመሬት ይዞታ ደብተር። አማርኛ የሆነው ይተርጎም።

ከዚያ ሲኤስኤስ ላይ መጨረሻ አካባቢ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ከቅጹ ሁሉ እሱ ይበልጣል። አንዲት ልጅ እንዲህ ጽፋለች፦ "አባቴ አንድ ሄክታር መሬት አለው። ዘንድሮ 12 ኩንታል ጤፍ አገኘን። 8ቱ ለቤት ቀረ። 4ቱ ተሸጠ። ከሽያጩ የማዳበሪያ ዕዳ ተከፈለ።" አራት መስመር ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ ዕዳው ባንክ ካለ፣ ቤቱንም ዕዳውንም ጻፉ። እናትየው እቁብ ከደረሳትና ሒሳቡ ላይ ድንገት ብዙ ብር ከታየ፣ እቁብ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ አለበለዚያ የተደበቀ ገንዘብ ይመስላል። ቁጥሮቹን በብር ሙሉ፤ እናንተ በጥቁር ገበያ ዋጋ አትመንዝሩ።

ዱባይ ያለች እህቴ ትልክልናለች። ይህን ባልጽፈውስ? ገቢያችንንም ትንሽ ባሳንስ?

ጻፉት። በየወሩ የሚገባው ብር ባንክ መግለጫው ላይ ይታያል። ገቢያችሁ በዓመት ይህን ያህል ነው ብላችሁ ወጪያችሁ የዚያ እጥፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ "ልዩነቱ ከየት መጣ?" ብለው ነው። "እህቴ ቤት ሠራተኛ ሆና ትልካለች፤ ኮንትራቷ የሚያልቀው መቼ እንደሆነ አይታወቅም" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ድጋፉንም አያሳጣም። ውሸት የተገኘ ቀን ግን ከገባችሁም በኋላ ሊያስባርራችሁ ይችላል።

በተቃራኒው የሚዋሹም አሉ። "ጭራሽ ዜሮ ነው የምንከፍለው ካልኩ አይቀበሉኝም" ብለው አባት 5 ሺህ ዶላር በዓመት ይከፍላል ብለው ይጽፋሉ። ኮሌጁ ያምናል። ከዚያ ያ 5 ሺህ አራት ዓመት ሙሉ ይፈለጋል።

ድጋፍ አልፈልግም ብዬ ልግባና እዚያ ከደረስኩ በኋላ ልጠይቅ?

ይህን ምክር የሚሰጣችሁን ሰው ሽሹት። ብዙ ኒድ አዌር ኮሌጆች ሲያመለክት ያልጠየቀ የውጭ ተማሪ አራቱንም ዓመት መጠየቅ አይችልም የሚል ግልጽ ሕግ አላቸው። ቪዛውም ቢሆን "እከፍላለሁ" ያላችሁትን በባንክ ማሳየት ይጠይቃል።

በኧርሊ ዲሲዥን ላመልክት?

ኧርሊ ዲሲዥን ማለት "ከተቀበላችሁኝ ሌላ አልሄድም" ብሎ መፈረም ነው። ኒድ አዌር ኮሌጅ ላይ ሊጠቅም ይችላል፤ ኮሌጁ የሚመጣለትን ልጅ ቀድሞ ማወቅ ይወዳል፤ በጀቱም ገና አልተነካም። የሰጡት ድጋፍ ካልበቃ ከፊርማው መውጣት ይቻላል። አንድ ኮሌጅ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እንግዲህ ሐርቫርድና መሰሎቹ ላይ በቀድሞው ዙር ዕድላችሁን ከመሞከር፣ ሙሉ ጉድለት ከሚሞሉት መካከል የምትወዱት አንድ ላይ ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ።

ድርሰቱ ላይ ድህነቴን ልጻፍ?

ድህነታችሁ ሲኤስኤስ ላይ አለ። 650 ቃል ብቻ ያለውን ዋና ድርሰት ድጋሚ ለሱ አታውሉት። የሚፈልጉት አብሯቸው ክፍል የሚቀመጠው ልጅ ምን እንደሚያስብ ማወቅ ነው። የእናቷ ጉሊት ላይ ተቀምጣ የቲማቲም ዋጋ ከጠዋት እስከ ማታ ለምን እንደሚለዋወጥ ደብተር ላይ የመዘገበች ልጅ ስለ ድህነት አንድም ቃል አልጻፈችም። ሁሉም ነገር ግን እዚያ ውስጥ ነበር።

የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚጠየቅበት ቦታ ላይም "ክለብ የለንም" ብላችሁ ባዶ አትተዉት። ታናናሾችን ማስጠናት፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ውኃ መቅዳት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የክረምት በጎ ፈቃድ፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጨምራችሁ ጻፉ። ይቆጠራል።

እዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ እየተማርኩ ነው። ማመልከት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ግን በብዙ ኮሌጆች ዘንድ አሁን "ትራንስፈር" ናችሁ። ለውጭ አገር ትራንስፈር ተማሪ የሚሰጠው ገንዘብ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። በቁርጥ ለመሞከር ያሰበ ልጅ ከመመዝገቡ በፊት ቢያስብበት ጥሩ ነው። አንድ ዓመት ቆይቶ ማመልከት ነውር የለውም። ወላጅ ግን "ምድቡን ጥሎ ቤት ተቀመጠ" ሲባል ይሸማቀቃል፤ ያም እውነት ነው። ቤት ተመካከሩ።

ተቀብለውኛል፤ ግን 6 ሺህ ዶላር ይጎድላል። ይለመናሉ?

ይለመናሉ፤ በጨዋ ደንብ። በሳምንት ውስጥ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጻፉ። "እባካችሁ" ብቻ አይበቃም፤ የተቀየረ ወይም ያልታየ ነገር አቅርቡ፦ አባት ሥራ አቁሟል፣ የብር ምንዛሪ ወድቋል፣ የታመመ ሰው አለ። ሌላ ተመሳሳይ ኮሌጅ የተሻለ ከሰጣችሁ ደብዳቤውን አያይዙ። ግቢ ውስጥ ሠርቼ እሞላዋለሁ አትበሉ። በትምህርት ወቅት የሚፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ ያ ገንዘብ የመጽሐፍና የኪስ ነው።

ቪዛ ላይ ምን ይጠይቁኛል?

ኮሌጁ አይ-20 የሚባል ወረቀት ይልካል፤ ማን ስንት እንደሚከፍል እላዩ ላይ ተጽፏል። ሴቪስ የሚባል የውጭ ተማሪ መመዝገቢያ ክፍያ 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከፈላል። ትኬቱንም ጨምሮ ይህን የሚረዱ ኮሌጆች ስላሉ ከመበደራችሁ በፊት ጠይቁ። ቃለ መጠይቁ ጥቂት ደቂቃ ነው። ለምን ይህ ኮሌጅ? ምን ልታጠና? ማን ይከፍላል? "ኮሌጁ በዓመት ይህን ያህል ይሰጠኛል" ብላችሁ ቁጥሩን በቃላችሁ መልሱ። 214ቢ በሚባለው አንቀጽ የሚከለከል ሰው ተመልሶ እንደሚመጣ አላሳመነም ማለት ነው፤ ድጋሚ መሞከር ይቻላል። ከ2025 ሰኔ ወዲህ የሶሻል ሚዲያ ገጻችሁም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይጠየቃል።

ለክረምት ቤተሰብ ለማየት መመላለስ ያሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በ2025 ሐምሌ ላይ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያና የ3 ወር ሆኗል። ቪዛው የበር መክፈቻ ነው፤ ከገባችሁ በኋላ ቆይታችሁ የሚለካው በትምህርታችሁ ነው። ከወጣችሁ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋል። እናት "ለፋሲካ ና" ስትል ይህን የምታስረዷት እናንተ ናችሁ።

"ሙሉ" ተብሎ ነው የሄድኩት፤ ለምን የታክስ ቢል መጣብኝ?

ይህን ቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው የለም። በአሜሪካ ሕግ ለትምህርት ክፍያና ለግዴታ መጽሐፍ የተሰጠ ድጋፍ ታክስ የለበትም። ለመኝታና ለምግብ የተሰጠው ግን እንደ ገቢ ይቆጠራል። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ ላለው 14 በመቶ ይቆረጣል። አንዳንድ አገሮች ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት ስላላቸው ልጆቻቸው ይድናሉ፤ ኢትዮጵያ የላትም። መኝታና ምግቡ 20 ሺህ ዶላር ከሆነ 2,800 ዶላር ማለት ነው። ገንዘቡ እጃችሁ ስላልገባ ኮሌጁ በአካውንታችሁ ላይ ዕዳ አድርጎ ይጽፈዋል።

ስለዚህ ሜይ 1 ከመድረሱ በፊት፣ እሺ ሳትሉ፣ ለኮሌጁ አንድ ጥያቄ ላኩ፦ "የመኝታና የምግቡን ታክስ ድጋፉ ይሸፍነዋል ወይስ እኔ ነኝ?" በድጋፉ ውስጥ አስበው የሚጨምሩ አሉ። የማይጨምሩትን ደግሞ በየመንፈቅ ዓመቱ ከፍላችሁ እንድትጨርሱ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ። በቀጣዩ ዓመት እስከ ኤፕሪል 15 1040-ኤንአር የሚባለውን የዓመቱን የታክስ ማስታወቂያ ቅጽ ስትሞሉ ከተቆረጠው ከፊሉ ሊመለስ ይችላል። ድጋፉንና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይ 1042-ኤስ የሚል ወረቀት በመጋቢት ገደማ ይደርሳችኋል፤ እንዳትጥሉት።